የስንዴ ዱቄት በቱቦ ውስጥ፦ በባሕር ዳር አየር የሚሠራ የማጓጓዣ ሞዴል ደረጃ በደረጃ

ዱቄት ፋብሪካ ገብታችሁ ቀና ብትሉ ጣሪያው ሥር የሚሄዱ ቱቦዎች ታያላችሁ። ከወፍጮው የወጣው ዱቄት በእነሱ ውስጥ በአየር እየተገፋ ወደ ወንፊት፣ ወደ ማጠራቀሚያ፣ ወደ ማሸጊያ ይሄዳል። ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም። ሲደፈን ግን ሥራው ሁሉ ይቆማል። ሠራተኛው መዶሻ ይዞ ቱቦውን እያንኳኳ ዱቄቱ የት እንደተጋገረ ይፈልጋል።

ይህ መመሪያ እዚህ ባሕር ዳር ፖሊ ለሚማሩ የሜካኒካልና የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪዎች፣ በከተማዋና በዙሪያዋ ዱቄት ፋብሪካ ለሚሠሩ ቴክኒሻኖችም ነው። የሚያስፈልገው ኤክሴል ያለው ኮምፒዩተር፣ ሚዛን፣ የጊዜ መለኪያ ሰዓት፣ ውኃና ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ፓይተን የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ይቀላችኋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ቀመሮቹ በየመጽሐፉ አሉ። ሁለት ነገሮች ግን በየትኛውም መጽሐፍ አታገኟቸውም። አንዱ የእናንተ ዱቄት በእናንተ ቱቦ ውስጥ ያለው ሰበቃ ነው። ሌላው የባሕር ዳር አየር ነው። ሁለቱን ከሌላ ቦታ ተበድሮ የተሠራ ሞዴል ወረቀት ላይ ያምራል፤ ፋብሪካ ሲደርስ ግን ያሳፍራል።

ደረጃ 1፦ ዱቄቱን እወቁት

ቢያንስ አራት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፤ የቅንጣቱ መጠን፣ የቅንጣቱ እፍጋት፣ የክምሩ እፍጋት እና እርጥበቱ። የስንዴ ዱቄት ቅንጣት በብዛት ከ100 ማይክሮን በታች ነው። የቅንጣቱ እፍጋት በሜትር ኩብ ወደ 1,400 ኪሎ ግራም ይጠጋል። የተከመረ ዱቄት ግን በሜትር ኩብ ከ500 እስከ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። የቀረው ቦታ አየር ነው። ይህ በመሐል የተያዘ አየር ለእኛ ጉዳይ ትልቅ ቦታ አለው።

ጌልዳርት የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ዱቄቶችን ከአየር ጋር ባላቸው ጠባይ በአራት ምድብ ከፈላቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ። ኤ አየር ሲገባበት በቀላሉ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ሲ በጣም ደቃቅና እርስ በርሱ የሚጣበቅ ነው። የስንዴ ዱቄት በሲ ውስጥ ወይም ሲ ከኤ ጋር በሚዋሰንበት አካባቢ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ቀን ልስልስ ብሎ ይፈስሳል፤ በማግስቱ እርጥበት ካገኘው ይጋገራል።

ቀላል ፈተና አለ። ግልጽ ረጅም ዕቃ ውስጥ እስከ ግማሹ ዱቄት አድርጉ። ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ ናጡት። አቁሙትና ዱቄቱ ከፍ ካለበት ተመልሶ እስኪረጋ የሚወስደውን ጊዜ ለኩ። አየሩን ለረጅም ጊዜ ይዞ የሚቆይ ዱቄት በዝግተኛ ፍጥነትና በብዙ ጭነት ለማጓጓዝም ዕድል አለው። ቶሎ የሚረጋው ግን በፈጣን አየር፣ ተበታትኖ ነው መሄድ ያለበት። በዚህ ጽሑፍ የምሠራው ሁለተኛውን፣ ተበታትኖ የሚሄደውን ነው፤ የብዙ ፋብሪካዎች መንገድ እሱ ነውና።

የጤፍ ዱቄት የምታጓጉዙ ከሆነ የስንዴን ቁጥር አትዋሱ። ፈተናውን ከመጀመሪያው ሥሩት። በግንቦት የለካችሁትን ደግሞ በሐምሌ ድገሙት። የሐይቁ ዳር የክረምት አየር ዱቄቱን ያረጥበዋል። እርጥበቱ 14 በመቶን እያለፈ ሲሄድ ዱቄቱ መጣበቅ ይጀምራል፤ ያኔ በበጋ የሠራችሁት ሞዴል አይገዛውም።

ደረጃ 2፦ የባሕር ዳርን አየር አስሉ

የጣና ውኃ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከተማዋን 1,800 ሜትር ብለን እንያዝ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 81.5 ኪሎ ፓስካል ነው። በባሕር ወለል 101.3 ነው። የአየር እፍጋት የሚገኘው ግፊቱን በፓስካል ወስዶ፣ 287 በኬልቪን ሙቀት ተባዝቶ ለሚገኘው በማካፈል ነው። 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት 303 ኬልቪን ነው። 81,500 ÷ (287 × 303) = 0.937 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ። በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ወለል 1.165 ይሆናል። ስለዚህ አየራችን 20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው።

ይህ ልዩነት የሚጎዳው የት ነው? ሩትስ ብሎወር (አየሩን ወደ ቱቦው የሚገፋው ማሽን) የሚውጠው መጠንን እንጂ ክብደትን አይደለም። በደቂቃ 6 ሜትር ኩብ የሚውጥ ብሎወር ባሕር ዳርም ምጽዋም ያንኑ 6 ሜትር ኩብ ይውጣል። በዚያ ውስጥ ያለው የአየር ክብደት ግን እዚህ ያንሳል። አየሩን በኪሎ ግራም አስልቶ፣ በባሕር ወለል እፍጋት ወደ ሜትር ኩብ ቀይሮ ብሎወር ያዘዘ ሰው 20 በመቶ ጎድሎ ይደርሰዋል። ሴንትሪፉጋል ፋን ከሆነ ደግሞ የሚሰጠው ግፊት ራሱ ከአየሩ እፍጋት ጋር አብሮ ይወርዳል። በመሳብ የሚሠራ መስመር ካላችሁም አስቡበት፤ ለመሳቢያ ያለን ጠቅላላ ግፊት 101 ሳይሆን 81.5 ነው።

በነገራችን ላይ ብሎወሩ አየሩን ያሞቀዋል። እኔ ግን በቱቦው ሁሉ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ነው ብዬ እይዛለሁ። ምክንያት አለኝ። በምሳሌያችን በቱቦው የሚያልፈው ዱቄት አብሮት ከሚያልፈው አየር ሰባት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ በኪሎ የሚይዘው ሙቀትም ከአየር ይበልጣል። ስለዚህ አየሩ ከዱቄቱ ጋር እንደተገናኘ ወዲያው ወደ ዱቄቱ ሙቀት ይጠጋል።

ደረጃ 3፦ መስመሩን ሣሉ

የምሳሌው ፋብሪካ በሰዓት 3 ቶን የስንዴ ዱቄት ያጓጉዛል እንበል። ይህ በሰከንድ 0.833 ኪሎ ግራም ነው። ቱቦው 80 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት (ዲያሜትር) አለው። ዱቄቱ ከሮታሪ ቫልቭ (በሚሽከረከሩ ኪሶቹ ዱቄቱን ወደ ቱቦው ከሚያወርደው) ወርዶ 6 ሜትር አግድም ይሄዳል፣ ኤልቦ ይዞ 8 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፣ ሁለተኛ ኤልቦ አልፎ 14 ሜትር አግድም፣ ሦስተኛ ኤልቦ አልፎ 10 ሜትር አግድም ሄዶ ማጠራቀሚያው ላይ ካለው ፊልተር ይደርሳል። ኤልቦዎቹ ሰፋ ያለ መታጠፊያ አላቸው፤ የመታጠፊያው ራዲየስ ከቱቦው ስፋት 6 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ሥዕሉን በሜትር ለክታችሁ ሣሉት። በግምት አይሆንም። በተለይ ኤልቦ እንዳትረሱ። አንድ ኤልቦ በዚህ መስመር ከ7 ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ ጋር የሚመጣጠን ግፊት እንደሚበላ ከታች ታያላችሁ።

ደረጃ 4፦ አየሩን ምረጡ

ለመነሻ በሰከንድ 0.11 ኪሎ ግራም አየር ወስጃለሁ። 0.833 ለ0.11 ሲካፈል 7.6 ይመጣል። ይህ የጭነት ምጥጥን ይባላል፤ አንድ ኪሎ አየር 7.6 ኪሎ ዱቄት ተሸክሟል ማለት ነው። ተበታትኖ ለሚሄድ ዱቄት እስከ 15 ገደማ የተለመደ ነው።

የቱቦው ክብ አፍ የወለል ስፋት 0.005027 ሜትር ካሬ ነው። መውጫው ላይ ግፊቱ 81.5 ስለሆነ የአየሩ ፍጥነት 0.11 ÷ (0.937 × 0.005027) = 23.4 ሜትር በሰከንድ ነው። መግቢያው ላይ ግፊቱ ከፍ ስለሚል አየሩ ይታመቃል፤ ፍጥነቱም ያንሳል። ስንት እንደሆነ የምናውቀው ስሌቱን ስንጨርስ ነው። ይህን ልብ በሉ፦ ዝቅተኛው ፍጥነት ያለው መግቢያው ላይ ነው፣ ዱቄቱ ደግሞ ያኔ ቆሞ የሚነሣ ነው። መስመር ብዙ ጊዜ የሚደፈነውም እዚያው ነው።

ደረጃ 5፦ ከመውጫው ተነሥታችሁ ወደ ኋላ አስሉ

ብዙ ሰው ከብሎወሩ ይጀምራል። ከመውጫው መጀመር ይሻላል፤ በእርግጠኝነት የምናውቀው ግፊት የመውጫው ነውና። መስመሩን በቁራጭ በቁራጭ ከፋፍሉት። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የግፊት ኪሳራውን አስሉ፣ ወደ ግፊቱ ደምሩ፣ በአዲሱ ግፊት እፍጋቱን አድሱ፣ ወደሚቀጥለው ቁራጭ እለፉ። በኤክሴል እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ረድፍ ይሁን።

መጀመሪያ የፍጥነት ግፊት የምንለውን እንያዝ። የአየሩ እፍጋት በፍጥነቱ ካሬ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ነው። መውጫው ላይ 255 ፓስካል ይሆናል። ሁሉም ኪሳራ በእሱ ይለካል።

ለቀጥታ ቱቦ፦ በአንድ ሜትር የሚጠፋው ግፊት = (የአየር ሰበቃ ቁጥር + የጭነት ምጥጥን × የዱቄት ሰበቃ ቁጥር) × የፍጥነት ግፊት ÷ የቱቦ ስፋት። ይህን አጻጻፍ ባርት የተባለው ጀርመናዊ ያስለመደው ነው፤ ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል። የአየር ሰበቃ ቁጥር ከሬይኖልድስ ቁጥር (የአየሩን ፍሰት ዓይነት ከሚናገረው ቁጥር) ይገኛል። በእኛ ምሳሌ ሬይኖልድስ ቁጥር ወደ 93,000 ስለሆነ 0.018 ይመጣል። የዱቄት ሰበቃ ቁጥርን ለጊዜው 0.004 ብያለሁ። ይህ ግምት ነው። ደረጃ 7 የተጻፈው ለእሱ ሲባል ነው። ድምሩ 0.0484 ይሆናል።

ለኤልቦ፦ 0.5 × (1 + የጭነት ምጥጥን) × የፍጥነት ግፊት። 0.5 ሰፊ መታጠፊያ ላለው ኤልቦ ነው። የመታጠፊያው ራዲየስ የቱቦው ስፋት እጥፍ ብቻ ከሆነ ቁጥሩ ወደ 1.5 ይወጣል። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ጠባብ ኤልቦ ሲገጠም ኪሳራው በሦስት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። እንዲህ ማድረግ አይገባም።

ለመነሻ፦ ቆሞ የነበረውን ዱቄት ወደ ሙሉ ፍጥነት ማድረስ የራሱ ዋጋ አለው። የፍጥነት ግፊት × (1 + 2 × የጭነት ምጥጥን × 0.8)። 0.8 የዱቄቱ ፍጥነት ከአየሩ ፍጥነት ስንት እጅ እንደሆነ የሚናገር ነው። ለደቃቅ ዱቄት ወደ 0.9 ሊጠጋ ይችላል። እንዲያ ካደረጋችሁ ውጤቱ በ350 ፓስካል ገደማ ብቻ ይጨምራል።

ወደ ላይ ለሚወጣው ቱቦ ደግሞ የዱቄቱን ክብደት ደምሩ። በቱቦው ውስጥ በሜትር ኩብ 9.5 ኪሎ ግራም ገደማ ዱቄት አለ። 9.5 × 9.81 × 8 ሜትር ወደ 750 ፓስካል ይሰጣል።

እንግዲህ ከመውጫው ወደ ኋላ፣ በኪሎ ፓስካል፦

የመጨረሻው 10 ሜትር፦ 1.55። ግፊቱ 83.05 ይሆናል።
ሦስተኛው ኤልቦ፦ 1.08። ግፊቱ 84.13።
14 ሜትር አግድም፦ 2.10። ግፊቱ 86.22።
ሁለተኛው ኤልቦ፦ 1.04። ግፊቱ 87.26።
8 ሜትር ወደ ላይ፦ 1.90። ግፊቱ 89.16።
አንደኛው ኤልቦ፦ 1.00። ግፊቱ 90.17።
6 ሜትር አግድም፦ 0.84። ግፊቱ 91.0።
የዱቄቱ መነሻ፦ 3.01። ግፊቱ 94.0።

በድምሩ 12.5 ኪሎ ፓስካል ጠፋ። መግቢያው ላይ የአየሩ እፍጋት 1.08 ነው፤ ፍጥነቱም 20.2 ሜትር በሰከንድ።

ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩት። ትልቁ ነጠላ ኪሳራ ረጅሙ ቱቦ አይደለም፤ የዱቄቱ መነሻ ነው። ስለዚህ ከሮታሪ ቫልቩ ቀጥሎ ወዲያው ኤልቦ መግጠም ትልቅ ጥፋት ነው። ገና ያልፈጠነ ዱቄት ኤልቦ ሲመታው መልሶ ይቆማል። ቢቻል 5 ወይም 6 ሜትር ቀጥ ብሎ እንዲሮጥ ተዉት።

ደረጃ 6፦ ዱቄቱ እንዳይረጋ አረጋግጡ

የጉማራ ወንዝ በክረምት አፈሩን ይዞ ይወርድና ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ደለሉን እዚያው ይጥላል። ቱቦ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ አየሩ ከአንድ ፍጥነት በታች ሲወርድ ዱቄቱ ወለሉ ላይ መተኛት ይጀምራል። ይህን የመርጊያ ፍጥነት እንበለው።

ለእሱ ሪዝክ የተባለው ተመራማሪ ያወጣው ቀመር አለ። መጀመሪያ የቅንጣቱን መጠን በሚሊ ሜትር ውሰዱ። 0.08 ብንል፣ 1.44 × 0.08 + 1.96 = 2.075። እንዲሁም 1.1 × 0.08 + 2.5 = 2.588። ከዚያ፦ የጭነት ምጥጥን = ፍሩድ ቁጥር በ2.588 ኃይል ÷ 10 በ2.075 ኃይል። ፍሩድ ቁጥር ማለት ፍጥነቱ ለ(9.81 × የቱቦ ስፋት) ካሬ ዘር ሲካፈል ነው። ለ7.6 የጭነት ምጥጥን ፍሩድ 13.9 ይመጣል፤ ፍጥነቱ 12.3 ሜትር በሰከንድ።

መግቢያችን 20.2 ነው። 20.2 ለ12.3 ሲካፈል 1.64። ከ1.3 እስከ 1.5 ባለው መካከል መሆን ይበቃ ስለነበር ትንሽ ትርፍ አለን። አየሩን በጥቂቱ መቀነስ ይቻላል፤ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። የሪዝክ ቀመር ግን ይበልጥ የሚስማማው ጎላ ጎላ ላለ ፍሬ ነው። ለደቃቅና ለሚጣበቅ ዱቄት ላይ ላዩን እንጂ ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ዱቄት በአየር ለማጓጓዝ መግቢያው ላይ ከ16 ሜትር በሰከንድ በታች አለመውረድ የተለመደ ጥንቃቄ ነው። እኔም ከዚያ በታች አልመክርም።

አሁን የከፍታውን ጉዳይ በቁጥር እንየው። የዚህ መስመር ብሎወር በባሕር ወለል እፍጋት ተሰልቶ የታዘዘ ቢሆን ኖሮ እዚህ የሚደርሰን አየር 0.11 ሳይሆን 0.0885 ኪሎ ግራም በሰከንድ ነበር። የጭነት ምጥጥኑ ወደ 9.4 ይወጣል። የመርጊያ ፍጥነቱ ወደ 13.3 ከፍ ይላል። የመግቢያው ፍጥነት ደግሞ ወደ 16.8 ይወርዳል። ትርፉ ከ1.64 ወደ 1.26 ወረደ። በደረቅ ቀን ይሠራ ይሆናል። ሐምሌ ላይ፣ ዱቄቱ ትንሽ ሲረጥብ ወይም አንድ ሠራተኛ የሮታሪ ቫልቩን ፍጥነት ሲጨምር፣ ይደፈናል። ያኔ ጥፋቱ በሠራተኛው ላይ ይላከካል። ችግሩ ግን የመጣው ከስሌቱ ነው።

ደረጃ 7፦ የዱቄት ሰበቃ ቁጥሩን ራሳችሁ ለኩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ደረጃ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ። 0.004 ያልኩት ቁጥር 0.008 ቢሆን ኖሮ ጠቅላላ ኪሳራው ከ12.5 ወደ 16 ኪሎ ፓስካል ይጠጋ ነበር። ረጅም መስመር ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህ በጣም ይሰፋል፤ ቀጥታ ቱቦው ስለሚበዛ። ይህን ቁጥር ከቅንጣት መጠን ብቻ ተነሥቶ በአስተማማኝ የሚያወጣ ቀመር የለም። የቅንጣቱ ቅርፅ፣ ቅባቱ፣ እርጥበቱ፣ የቱቦው ግድግዳ ሁሉም ይገቡበታል።

መሣሪያው ርካሽ ነው። ከኤልቦ ራቅ ያለ፣ ቢያንስ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ የሄደ አግድም ቱቦ ምረጡ። በ5 ሜትር ርቀት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ከላይ በኩል ብሱ። ከታች ከበሳችሁ ዱቄት ይሞላችኋል። የቱቦውን የውስጥ ጠርዝ በደንብ ሞርዱ፤ ቀዳዳው ላይ የቀረ ብረት ንባቡን ያዛባል። ቀዳዳዎቹ ላይ ጥጥ ወይም ቀጭን ጨርቅ አድርጋችሁ ግልጽ ቱቦ አገናኙና በዩ ቅርጽ አጥፋችሁ ውኃ ሙሉበት። ትንሽ ቀለም ብትጨምሩበት ማንበብ ይቀላል። ይህ ማኖሜትር ይባላል። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት ግፊቱን ይናገራል፤ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ 9.81 ፓስካል ነው።

የዱቄቱን ፍሰት በሚዛን ለኩት። መስመሩ ረግቶ ሲሠራ መውጫው ላይ የሚደርሰውን ዱቄት ለተወሰነ ደቂቃ ተቀብላችሁ መዝኑ። የሮታሪ ቫልቩን ካታሎግ አትመኑ፤ ለደቃቅ ዱቄት ኪሶቹ ሙሉ በሙሉ አይሞሉም፤ አንዳንዱም ሳይራገፍ ይመለሳል። አየሩን ከብሎወሩ በኋላ፣ ዱቄቱ ከመግባቱ በፊት በፒቶት ቱቦ ወይም በኦሪፊስ ለኩ። ከዚያ በሮታሪ ቫልቩ ወደ ላይ የሚሾልከውን አየር ቀንሱ። ያረጀ ቫልቭ የሚያሾልከው ቀላል አይደለም። የተለካው አየር ሁሉ ቱቦው ውስጥ ገባ ብላችሁ ካሰላችሁ የሰበቃ ቁጥራችሁ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ንባብ ወስደን እንሥራው። በ5 ሜትሩ መካከል የውኃው ልዩነት 76 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ይህ 745.6 ፓስካል ገደማ ነው፤ በሜትር 149.1። በዚያ ቦታ ካለው ግፊት የተገኘው የፍጥነት ግፊት 247 ፓስካል ነው። 149.1 × 0.08 ÷ 247 = 0.0483። ከዚህ የአየሩን 0.018 ስንቀንስ 0.0303 ይቀራል። ለ7.6 ስናካፍለው 0.004 ገደማ። ቁጥሩ ተገኘ።

የአየሩን 0.018 ራሱ ከመጽሐፍ አትውሰዱት። ዱቄት ሳታስገቡ አየር ብቻ አስኪዱና ለኩት። ዱቄት የለበሰ አሮጌ ቱቦ ከአዲስ ቱቦ ይለያል።

ደረጃ 8፦ ከአንድ ቁጥር ወደ ሞዴል

የዱቄት ሰበቃ ቁጥሩ ቋሚ አይደለም። ፍጥነቱና ጭነቱ ሲለወጥ እሱም ይለወጣል። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት የተለያየ የዱቄት ፍሰት ላይ፣ አየሩን ከከፍተኛ ወደ ዝቅተኛ ቀስ በቀስ እያወረዳችሁ ለኩ። ለእያንዳንዱ የዱቄት ፍሰት ግፊቱን ከአየር ፍጥነት ጋር በግራፍ አስቀምጡ። አየሩን ስትቀንሱ ግፊቱ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ከዚያ አንድ ዝቅተኛ ቦታ ይደርስና መልሶ መውጣት ይጀምራል። ያ መታጠፊያ የራሳችሁ መስመር የሚነግራችሁ የመርጊያ ምልክት ነው። ከሪዝክ ቀመር የበለጠ እመኑት። ከመታጠፊያው አልፋችሁ ብዙ አትውረዱ፤ ግፊቱ መዋዠቅ ሲጀምር አየሩን መልሱ።

ከዚያ የተገኙትን ቁጥሮች እንዲህ አስማሙ፦ የዱቄት ሰበቃ ቁጥር = ቋሚ ቁጥር × የጭነት ምጥጥን በአንድ ኃይል × ፍሩድ ቁጥር በሌላ ኃይል። ሁሉንም ወደ ሎጋሪዝም ብትቀይሩ በኤክሴል ያለው ሊኒየር ሪግሬሽን ይፈታዋል። ይህን ቀመር በደረጃ 5 ረድፎች ውስጥ በ0.004 ቦታ አስገቡት።

እዚህ ላይ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሞዴሉን ያስማማችሁበትን ልኬት መልሳችሁ ሞዴሉ ትክክል መሆኑን ለማሳየት አትጠቀሙበት። በዚያው ልኬት ማንኛውም ቀመር ያማረ መስመር ይሰጣችኋል። ከልኬቶቻችሁ ሲሶ ያህሉን ለብቻ አስቀምጡ፤ ሞዴሉን በእነሱ ፈትኑት። ቢቻል ደግሞ በሌላ ርዝመት ወይም በሌላ ስፋት ቱቦ ሞክሩት። በአጭርና በጠባብ የላቦራቶሪ ቱቦ የተስማማ ቀመር ወደ ሰፊና ረጅም የፋብሪካ ቱቦ ሲወሰድ በእጅጉ ሊስት ይችላል። ለደቃቅ ዱቄት ይህ የታወቀ ችግር ነው። ለዚህ ነው የአንድ ፋብሪካን ቁጥር ወደ ሌላ ፋብሪካ መውሰድን የምቃወመው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት አለ፤ ለምን እያንዳንዱን ቅንጣት በኮምፒዩተር አንከተልም? በምሳሌው ቱቦ ውስጥ በአንድ ቅጽበት 1.8 ኪሎ ግራም ዱቄት አለ። ቅንጣቱ 80 ማይክሮን ከሆነ ይህ 5 ቢሊዮን የሚጠጋ ቅንጣት ነው። በእጃችን ባለው ኮምፒዩተር አይሞከርም። እንደ ኦፕን ፎም ያሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ዱቄቱን እንደ ሁለተኛ ፈሳሽ ቆጥረው ይሠራሉ። ለአንድ ኤልቦ ወይም ለመግቢያው ጥሩ ናቸው። ለሙሉ መስመር ግን በደንብ የተለካ የኤክሴል ሞዴል ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ብሎወር፣ ሞተር፣ ደኅንነት

በ12.5 ላይ ለፊልተርና ለብሎወሩ ቱቦ 3 ኪሎ ፓስካል ብትጨምሩ 15.5 ይሆናል። ብሎወሩ የሚውጠው 0.11 ÷ 0.937 = 0.117 ሜትር ኩብ በሰከንድ፣ ማለትም በደቂቃ 7 ገደማ ነው። በሮታሪ ቫልቩ የሚሾልከውን በዚህ ላይ ጨምሩ። 0.117 × 15.5 = 1.8 ኪሎ ዋት። ብቃቱን ግማሽ ብንይዝ 3.6። ስለዚህ 5.5 ኪሎ ዋት ሞተር እመርጣለሁ። የሞተር ሰሌዳ ላይ ያለው ጉልበት በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ የሚሠራ ነው። ባሕር ዳር ከዚያ በላይ ስለሆነች ሳሳ ያለው አየር ሞተሩን እንደሚገባው አያቀዘቅዘውም። አቅራቢውን ለ1,800 ሜትር አስልቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።

የዱቄት ብናኝ ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1878 አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ትልቅ ዱቄት ፋብሪካ ፈንድቶ 18 ሰው ሞቷል። የስንዴ ዱቄት በሜትር ኩብ 50 ግራም ገደማ ሲበተን ጀምሮ እሳት ሊይዝ ይችላል። ቱቦው ውስጥ ያለው 9.5 ኪሎ ግራም ከዚያ እጅግ የበዛ ነው። ነገር ግን መስመሩ ሲነሣና ሲቆም፣ እንዲሁም ማጠራቀሚያውና ፊልተሩ ውስጥ፣ ብናኙ በአደገኛው መጠን ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን የቱቦ መገጣጠሚያ በሽቦ አያይዛችሁ ወደ መሬት አውርዱ። ዱቄቱ ለሚሄድበት መስመር የፕላስቲክ ቱቦ አትጠቀሙ። ለመለኪያ ቀዳዳ ስትበሱና ስትበይዱ መስመሩ ቆሞ፣ ተጠርጎ፣ ብናኙ ጸድቶ ይሁን።

መብራት ሲጠፋስ? አየሩ ሲቆም በቋሚው 8 ሜትር ውስጥ ያለው 0.38 ኪሎ ግራም ዱቄት ተንሸራትቶ የታችኛው ኤልቦ ላይ ይከማቻል። 80 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክምር ነው። ጄኔሬተር ሲነሣ ብሎወሩና ሮታሪ ቫልቩ አንድ ላይ ከተነሡ በዚያ ክምር ላይ አዲስ ዱቄት ይጨመርበታል፤ መስመሩም ይደፈናል። ኤሌክትሪሻኑ መጀመሪያ ብሎወሩ ብቻውን እንዲነሣ አድርጎ ያገናኘው። በሞዴሉ አየር ብቻ ሲሄድ መግቢያው ላይ የሚታየው ግፊት 2.8 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በውኃ 28 ሴንቲ ሜትር ተኩል። መግቢያው ላይ ያለው ማኖሜትር እዚያ ወርዶ ሲረጋ ቱቦው ጠርጓል ማለት ነው፤ ሮታሪ ቫልቩ ከዚያ በኋላ ይነሣ። ያን ቁጥር ከማኖሜትሩ አጠገብ በቀለም ጻፉት፤ የሌሊት ተረኛውም እንዲያየው።